በሰማንያ ቀኗ ከደጃችን ስለተመለሰችው ሕፃን

የካቲት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለክቡር መልአከ ሰላም ቀሲስ ጌዴዎን
የቀይ አፋፍ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪና የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለተደረገው የእንግዳ አቀባበል ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር አባታችን ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ ከነቤተሰብዎ፣ ከነካህናቱና ከነኮሚቴዎቹ ሁሉ እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። ለዐቢዩ ጾም በጤና ያደረሰዎ አምላክ ይመስገን፤ ከሐይቁ የሚነሣው የማለዳ ብርድ ጉሮሮዎን እንዳይነካው፣ ጉልበትዎ ለስግደቱ እንዲበረታ፣ በተለይም እንቅልፍዎ የሰመረ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እንቅልፍዎን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከጥር ሃያ አራት ወዲህ እኔ የራሴን ስላጣሁ፣ ከሁለታችን አንዳችን እንኳ ተኝተን ብናድር ለደብሩ ይበጃል ብዬ ነው።

ማን እንደሆንኩ እርስዎ ያውቃሉ፤ ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ግን ለማያውቁኝ አንባቢዎች ልናገር። መስታወት እባላለሁ። በሐይቅና በውጫሌ ከተሞች መካከል ባለችው መንደራችን ጤና ጣቢያ ሃያ ስድስት ዓመት አዋላጅ ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ በቅዳሴ ሰዓት ከሴቶች መቆሚያ በኩል ከሚያለቅሱት ሕፃናት አብዛኞቹን መጀመሪያ ያስለቀስኳቸው እኔ ነኝ። ከዚህ ዓመት ጥር ጀምሮም የደብሩ የእንግዳ አቀባበል ንዑስ ኮሚቴ አባል ነበርኩ። «ነበርኩ» ያልኩት ተሳስቼ አይደለም።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ከኮሚቴው የተማርኩት ነገር ቢኖር ይህንን ነው።

1ኛ. ጥር ሁለትና ሦስት ቀን በአዳራሹ ስለተሰጠን ሥልጠና አመሰግናለሁ። ርእሱ «ወንጌልን የምታደርስ፣ እንግዳን የምትቀበል ቤተ ክርስቲያን» የሚል ነበር። ከአዳራሹ መግቢያ ላይ የተሰቀለው ባነር «በራችን ለሁሉ ክፍት ነው» ይል ነበር፤ ከትልቅነቱ የተነሣም አንዱን የበር መዝጊያ ጋርዶት ስለነበር ሁላችንም በቀረችው ጠባብ ክፍተት እየተጋፋን ነው የገባነው። ያን ጊዜ ስቄ ነበር። የስብከተ ወንጌል ክፍል ኃላፊው አቶ ሽታው ማይክራፎኑን ይዘው «ከእንግዲህ ከዚህ ደጅ የሚመለስ አንድ ነፍስ እንኳ አይኖርም!» ሲሉ እርስዎ በመስማማት ራስዎን ነቀነቁ፤ እኛም ቆመን አጨበጨብን። ከዚያ ለእያንዳንዳችን በሪባን የሚንጠለጠል ባጅና «የራቁ ቤተሰቦች መመዝገቢያ ቅጽ» ታደለን፤ ከቤተ ክርስቲያን ርቆ የሚኖር አንድ ቤተሰብ ፈልገን እንድናመጣም ታዘዝን።

እኔ ደግሞ ሞኝ ነኝ፤ የምሬን ነው የፈለግሁት።

2ኛ. ቅጼን ስለተቀበሉኝ አመሰግናለሁ። በቅጹ ላይ የሞላሁት የጥሩብርሃንን ስም ነበር። ጥሩብርሃንና ባለቤቷ አብተው ከአምባሰል ደጋ ወርደው እኛ መንደር ከሰፈሩ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። እሱ ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጣል፤ እሷ ሸክላ ትሠራለች። የሚኖሩት በእህል ነጋዴዋ በሐቢባ ግቢ ውስጥ፣ አንዲት ክፍል ተከራይተው ነው። ሁለቱም ክርስቲያን ናቸው፤ ማዕተባቸው ከአንገታቸው አይወርድም፤ ጾም አይሽሩም። ሆኖም በእነዚህ ሦስት ዓመታት አንድም ቀን ከቅጥሩ ወደ ውስጥ አልዘለቁም። እሑድ እሑድ ከግንቡ ውጭ ቆመው፣ ቅዳሴውን በድምፅ ማጉያ ሰምተው፣ ግንቡን ተሳልመው ይመለሳሉ።

ምክንያቱን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ እርስዎም ያውቁታል። ሸክላ ሠሪ ናት፤ ስለዚህ ቡዳ ናት፤ ስለዚህ ዓይኗ ያረፈበትን ሕፃን ትበላለች። ይህንን የሚሉት እሷ በሠራችው ድስት ወጥ ሠርተው የሚበሉ ሰዎች ናቸው።

ኅዳር አምስት ቀን ጤና ጣቢያ መጥታ ሴት ልጅ ተገላገለች፤ ያዋለድኳት እኔ ነኝ። ሌሎች እናቶች ልጃቸው ስንት ኪሎ እንደሆነች ይጠይቁኛል። እሷ ገና ላቧ ሳይደርቅ «እትዬ፣ ሰማንያዋ መቼ ይሆን?» አለችኝና በጣቷ መቁጠር ጀመረች።

እንግዲህ ከሥልጠናው ማግሥት ቤቷ ሄድኩ። ልጇን በቁራጭ ሰሌን ላይ አስተኝታ ጭቃ ታቦካለች፤ እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ነው።

«ጥሩብርሃን፣ ቤተ ክርስቲያን ትጠራችኋለች» አልኳት፣ ኩራት በተሞላበት ድምፅ።

«ማንን? እኛን?»

«እናንተን። ሁሉንም ሰው።»

«እትዬ፣ ሁሉንም ሲሉ እኛን ማለታቸው አይደለም። ሲናገሩ እንደዚያ ነው የሚሉት» አለችኝ፤ እንደ ማዘንም እንደ ማስረዳትም አድርጋ። ብዙ ለመንኳት። ባጄን አሳየኋት። በመጨረሻ «ለእኔ ግድ የለም፤ ይችን ልጅ ብቻ ያስጠምቁልኝ» አለች። ቀጥላም፣ ጭቃው ላይ እያቀረቀረች፣ «ክርስትና እናቷ እርስዎ ቢሆኑልኝ ደስ ይለኝ ነበር» አለች።

ክቡር አባታችን፣ ምን እንዳልኳት ያውቃሉ? «ኮሚቴው ይመድብልሻል» አልኳት።

ቅጹን ሳመጣልዎ ስሟን በራስዎ እጅ መዝገቡ ላይ አሰፈሩና «እሰይ! ስብከት ማለት ይኼ ነው» አሉኝ። የትኛዋ ጥሩብርሃን እንደሆነች አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኩዎትም። ኮሚቴውም የአቶ ሽታውን ባለቤት የክርስትና እናት አድርጎ መደበላት፤ እሳቸውም የማን ልጅ እንደሆነች አልጠየቁም። ቅጹ ላይ «ሥራ» የሚል ቦታ አልነበረም፤ ያን ጊዜ ይህ የቅጹ መልካም ጎን መስሎኝ ነበር።

3ኛ. ስለ ጥር ሃያ አራት ቀን አመሰግናለሁ። እሑድ ነበር፤ በማግሥቱ የነነዌ ጾም ይገባል። ሥራ በዝቶብዎ ረስተውት ይሆናልና በዝርዝር ላስታውስዎ።

ማለዳ ላይ ሰባት ሕፃናት ለጥምቀት ቀርበው ነበር። እኔ ባጄን አንጠልጥዬ፣ ዝርዝሩን ይዤ በር ላይ ቆሜያለሁ። ጥሩብርሃን ከሐቢባ ጋር መጣች፤ አብተው «እኔ ከታከልኩበት ይብሳል» ብሎ ቤት ቀርቷል። ሐቢባ ሕፃኗን እስከ በሩ አቅፋ አምጥታ ለእናቷ ሰጠቻትና «አብሽሪ፣ እኔ እዚሁ ነኝ» ብላ ከግንቡ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አቶ ሽታው በፈገግታ ቀርበው «እንኳን ወደ ቤትዎ መጡ» የሚለውን ወረቀት ለጥሩብርሃን ሰጧት፤ የኮሚቴው ፎቶ አንሺም ሁለቱን አነሣቸው። አቶ ሽታው ገና አላወቋትም። ነጭ ለብሳለች፣ እጇ ታጥቧል፤ የማንኛዋም ሕፃን እናት ትመስላለች። ነበረችም።

ያወቀቻት ከሰልፉ ሦስተኛዋ እናት ናት። «ውይ! ሸክላ ሠሪዋ አይደለችም እንዴ?» አለች። በሹክሹክታ ነው ያለችው፤ ግን ሁሉም ሰማ።

እኔ በሥራዬ የማልነካው ነገር የለም፤ ደሙንም ሌላውንም በእጄ ጠርጌ፣ እጄን ታጥቤ ምሳዬን የምበላ ሴት ነኝ። ከዚያ በኋላ ያየሁት ነገር ግን እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ያቅለሸልሸኛል። ስድስት እናቶች በአንድ እጅ የተሳቡ ይመስል ነጠላቸውን ስበው የልጆቻቸውን ፊት ሸፈኑ። አንዷ ጀርባዋን አዞረች። አንዷ ወደ ጎን ምራቋን እንትፍ አለች፤ በቅድስት ኪዳነ ምሕረት ግቢ ውስጥ። ጥሩብርሃን ይህንን ሁሉ አየች። ልጇን ጠበቅ አድርጋ አቀፈችና ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። አፍራ እንዳይመስልዎ፤ ልጆቻቸውን ያየችባቸው መስሏቸው እንዳይደነግጡ ብላ ነው።

አቶ ሽታው መጡ። «እኅቴ፣ እስቲ ለጊዜው ወደዚያ ጠጋ በይልኝ» ብለው ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ወስደው አቆሟት። ባለቤታቸው ደግሞ ድንገት ራሳቸውን ያዙና «ዞረብኝ» ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እርስዎ ስድስቱን ሕፃናት አጥምቀው ከጨረሱ በኋላ መዝገቡን አይተው «ሰባተኛዋስ?» ብለው ጠየቁ። አቶ ሽታው በጆሮዎ ነገሩዎት። እርስዎ ወደ ዕቃ ቤቱ ተመለከቱ። ለአንድ አፍታ ያህል ወደ እሷ የሚሄዱ መስሎኝ ነበር፤ ቀኝ እግርዎ ተነሥቶ ነበርና። ከዚያ እግርዎን መለሱት።

«ሌላ ቀን ብናደርገው ይሻላል» አሉ። «ሕዝቡ ተረብሿል። ደግሞም የክርስትና እናት የሌላት ልጅ አትጠመቅም።»

«አባቴ» አለች ጥሩብርሃን ከጥላው ውስጥ፣ «ሰማንያዋ ዛሬ ነው።»

«አውቃለሁ ልጄ፣ ግን…»

«እኔ እወጣለሁ። ከግንቡ ውጭ እቆማለሁ። የሚይዛት አንድ ሰው ብቻ ስጡኝና እሷን ያጥምቁልኝ።»

ይህንን ብላ ልጇን በሁለት እጇ ዘርግታ ቆመች። ማንም እጁን አልዘረጋም። እኔ ከእሷ በስድስት እርምጃ ርቀት ላይ ነበርኩ፤ በኋላ ተመልሼ በእግሬ ለክቼዋለሁ። ሕፃን ወደ እኔ ሲዘረጋ እጆቼ ሳላዛቸው ይነሣሉ፤ ሃያ ስድስት ዓመት የለመዱት ሥራ ነው። ያን ዕለት ግን ዝርዝሩን ጨብጠው ቀሩ። እርስዎም ወደ እኔ ዞረው «ወይዘሮ መስታወት፣ እስቲ አስረጂያት» አሉኝ።

እኔም ሄጄ አስረዳኋት። «ለሚቀጥለው እሑድ ይሁንልሽ» አልኳት።

«እሺ እትዬ፤ እርስዎ ካሉ» አለችኝ። በዕድሜዬ ሰው ካከበረኝ አክብሮት ሁሉ እንደዚያች «እርስዎ» የከበደችኝ የለችም።

በሩ ላይ ስንደርስ ሐቢባ ተነሥታ «ተጠመቀች?» አለች።

«አልሆነም» አለች ጥሩብርሃን።

ሐቢባ የሆነውን ሰምታ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረች። «ሱብሃነላህ! እትዬ መስታወት፣ የሰማንያ ቀን ልጅ ማንን ትበላለች?» መልሴን አልጠበቀችም። «እንግዲያ ሌላ ቤተ ክርስቲያን የለም? ይኸ አገር ቤተ ክርስቲያን ሞልቶት የለም እንዴ! ቀኗ ዛሬ ከሆነ ዛሬ ትጠመቃለች» ብላ ወደ አስፋልቱ ወጣችና ለባጃጅ እጇን አነሣች። ክቡር አባታችን፣ በዚያ እሑድ ከደብራችን ደጅ አንዲት ነፍስን ወደ ጥምቀት ለማድረስ የተንቀሳቀሰው ብቸኛ ሰው ሐቢባ ነበረች። እሷም ሥልጠናውን አልወሰደችም።

ባጄን አውልቄ በበሩ መያዣ ላይ አንጠለጠልኩትና ተከትያቸው ተሳፈርኩ። ወደ ውጫሌ ስንሄድ ጥሩብርሃን ልጇን እያየች «እትዬ፣ እርስዎም ፈርተው ነው?» አለችኝ።

«ፈርቼ ነው።»

«እኔን ነው ወይስ እነሱን?»

«እነሱን» አልኳት።

«እሱስ ደህና» አለች።

ለእሷ ያልነገርኳትን ለእርስዎ ልናገር፤ መልሴ ግማሹ ውሸት ነው። እናቶቹ ነጠላቸውን ሲስቡ «እንኳን የልጅ ልጄን ይዣት አልመጣሁ» የሚል ሐሳብ በልቤ ሽው ብሏል። የዚያችን ሴት ልጅ እትብት በገዛ እጄ ቆርጬ፣ ሕፃን በምን እንደሚታመም ስማር ኖሬ፣ ስንት እናት መክሬ። እናቶቹን ተጸይፌያለሁ፣ እርስዎንም ተጸይፌያለሁ፤ ከሁሉ በፊት የተጸየፍኩት ግን ራሴን ነው። ይህን ደብዳቤ ሲያነቡ ለእኔም ጭምር እንደተጻፈ አድርገው ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

ከውጫሌ በላይ ዳገቱ ላይ ቆርቆሮዋ የዛገ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። ስሟን አልጽፍም፤ ነገ ኮሚቴ ልካችሁ እንዳታሠለጥኗት እፈራለሁ። ባጃጁ ዳገቱን አልችል ስላለ የመጨረሻውን መንገድ በእግራችን ወጣን። አንድ ሽማግሌ ካህን ሊቀድሱ ሲሉ ደረስንባቸው።

«ሕፃኗ ስንት ቀኗ ነው?» አሉን።

«ዛሬ ሰማንያ» አልኳቸው።

«ምነው ታዲያ እስከዚህ አረፈዳችሁ?»

ጥሩብርሃን፣ ዓይኗ አሁንም መሬት ላይ ነው፣ ወንጀል እንደሚናዘዝ ሰው ሆና «አባቴ፣ ኋላ ከሰው እንዳይሰሙት፤ እኔ ሸክላ ሠሪ ነኝ» አለች። ይህን ስትል እዚያ የቆሙት ሴቶች ሁሉ ሰምተዋል። እኔ ነጠላዎቹን ነበር የማየው።

«እኔ መች ይኼን ጠየቅሁሽ?» አሉ ሽማግሌው። «ክርስትና እናቷ ማን ናት ነው የምለው።»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«በሉ ኑ እንግዲህ፤ ቅዳሴው እየጠበቀን ነው።»

በቃ። ይኸው ነው። ባነር አልነበረም፤ በማይክራፎን የተናገረም የለም፤ ማይክራፎንም ያላቸው አይመስለኝም። ሕፃኗ ወለተ ገብርኤል ተብላ ተጠመቀች፤ ከውኃው ስትወጣ ሰማይ እስኪሰነጠቅ እየጮኸች ነው የተቀበልኳት። ለእናቷ ስሰጣት ነጠላዋ ከትከሻዋ እየተንሸራተተ አስቸገራት። ያን ጊዜ አንዲት የማላውቃት ሴት ቀረብ ብላ «አምጫት እስቲ፣ አንቺ ነጠላሽን አስተካክይ» ብላ ሕፃኗን ተቀበለቻት። ሌላዋ «ለእኔም ስጪኝ ትንሽ ልያዛት» አለች። ወለተ ገብርኤል በአምስት ሴቶች እጅ ዞረች። አንዷ እግሯን ከተጠቀለለበት አውጥታ የውስጥ እግሯን ሳመችላት። አንዲት ወፍራም ሴትዮ ደግሞ «ገንቦም ትሠሪያለሽ? የኔው ባለፈው ሳምንት ተሰብሮብኝ» ብላ ጠየቀቻት።

ጥሩብርሃን ከእኛ ደጅ ስትመለስ አላለቀሰችም ነበር። እዚያ ነው ያለቀሰችው። ዓይኗን ከመሬት አንሥታ፣ የሴቶቹን ፊት አንድ በአንድ እያየች፣ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች፤ ማንም «አትዪብን» ያላት የለም። ስንወጣ ሐቢባን ከቅጥሩ ጥግ አንዲት አሮጊት መቀመጫ አውጥተው አስቀምጠዋት፣ ስለ ማሽላ ዋጋ ሲያጫውቷት አገኘናት።

አብተው አስፋልቱ ዳር ቆሞ ሲጠብቀን ነበር። ልጁን ተቀብሎ «ማን ተባለች?» አለ።

«ወለተ ገብርኤል።»

«እዚህ እኛው ጋ ነው?»

«አይ፣ እዚህ አይደለም» አለች ጥሩብርሃን።

4ኛ. በዚያው ዕለት ከሰዓት በደብሩ የቴሌግራም ገጽ ላይ ስለወጣው ዜና አመሰግናለሁ። አቶ ሽታው ለጥሩብርሃን ወረቀቱን ሲሰጧት የተነሡት ፎቶ ነው፤ ከሥሩ «በእንግዳ አቀባበል ክፍላችን ትጋት አንድ የራቀ ቤተሰብ ወደ ቤቱ ተመለሰ» ይላል። ከመቶ አርባ በላይ ሰው ወዶታል። ከስድስቱ እናቶች የሁለቱን ስም ከወደዱት መካከል አይቻለሁ። ለበላይ አካል በተላከው ሪፖርት ላይም «የተመለሱ ቤተሰቦች ብዛት» በሚለው አንጻር አንድ ተብሎ ተመዝግቧል። ወደ ኋላ የተመለሰውም በመመለስ ይቆጠር እንደሆነ ስላላወቅሁ ነው ዝም ያልኩት።

5ኛ. ጥር ሠላሳ ቀን በተደረገው ስብሰባ ጥያቄዬን ስላዳመጡኝ አመሰግናለሁ። የተፈጸመውን ሁሉ በጉባኤው ፊት ተናገርኩ። እርስዎም በዚያ በማይቆጣ ድምፅዎ «እውነት ነው፣ ያሳዝናል፤ ነገር ግን ሕዝቡ ገና አልበሰለም፤ ቀስ በቀስ ነው» አሉ። አቶ ሽታውም ሁለተኛ ዙር ሥልጠና እንዲዘጋጅ ሐሳብ አቀረቡ፤ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ሕዝቡ አልበሰለም ላሉት፣ ክቡር አባታችን፣ ማን እንዲያበስለው ይጠብቃሉ? እነዚያ ስድስት እናቶች ክፉዎች አይደሉም፤ አምስቱን እኔ ነኝ ያዋለድኳቸው፣ አውቃቸዋለሁ። የፈሩት እናቶቻቸው ያስፈሯቸውን ነው፤ ተሳስታችኋል ያላቸው ሰው ደግሞ እስከ ዛሬ አልተነሣም። ያን ዕለት ሁሉም የእርስዎን ፊት ነበር የሚያዩት። ስድስት ሴቶች የሳቡትን ነጠላ እንደያዙ፣ ይልቀቁት ወይስ እንደሸፈኑ ይቆዩ እንደሆነ ከእርስዎ ይጠብቁ ነበር። ቀኝ እጅዎ መስቀል ይዞ ነበር። ግራ እጅዎ ግን ምንም አልያዘም ነበር።

ለሁለተኛው ዙር ሥልጠና እኔም የበኩሌን ላዋጣ፤ አጭር ነው። አዳራሹን ይዝጉትና ወደ ሐቢባ ግቢ ይሂዱ። ካባውን አይልበሱ፤ ፎቶ አንሺውን አይውሰዱ። በጥሩብርሃን በር ላይ ቆመው «ይቅር በይን» ይበሏትና ይግቡ፤ ያቀረበችልዎን ይብሉ፤ ሕፃኗን ይቀፉ። በሚቀጥለው እሑድ በዐውደ ምሕረቱ ቆመው፣ በዘወርዋራ ሳይሆን በቀጥታ፣ «ሰው ሰውን በዓይኑ አይበላም፤ ይህንን የሚል ሰው ወንድሙን ያማል» ብለው ይናገሩ። ከዚያ በኋላ ባነር ካስፈለገ ይሰቀል። እኔ ግን አያስፈልግም ባይ ነኝ፤ ሰው በሩ ክፍት መሆኑን የሚያውቀው ሲገባ ነው።

እስከዚያው የሆነውን ልንገርዎ። ያ «የሚቀጥለው እሑድ» መጥቶ አለፈ፤ ጥሩብርሃን አልመጣችም፤ ለምን ቀረች ብሎ የጠየቀም የለም። እሷና አብተው አሁን እሑድ እሑድ ወለተ ገብርኤልን ይዘው ወደ ዳገቷ ቤተ ክርስቲያን ይወጣሉ፤ አብተው የቤተ ክርስቲያኗን የበር ማጠፊያ ሠርቶላቸዋል። ባለፈው ሳምንት ከእኛው መንደር ሌሎች ሁለት የቀጥቃጭ ቤተሰቦች አብረዋቸው ሄደዋል። እኔም እዚያ ነኝ፤ የክርስትና ልጄን የማየው እዚያ ነውና። በእርስዎ መዝገብ «የራቁ» በሚለው ሥር እንዲያሰፍሩኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ቡራኬዎን ከሩቅ የምጠባበቅ፣ በደብሩ ግቢ ውስጥ ስድስት እርምጃ መራመድ አቅቷት የቀረች፣ በክብርዎ ላይ ክብር፣ በኮሚቴዎ ላይ ንዑስ ኮሚቴ እንዲጨመርልዎ የምትመኝ፣ ታዛዥ ልጅዎ

መስታወት
አዋላጅ ነርስ፣ የወለተ ገብርኤል የክርስትና እናት

ግልባጭ፦ ማንበብ ለሚችል ሁሉ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ልጨርስ ስል አንድ ነገር መጨመር ግድ ሆነብኝ። ያን ዕለት ከተጠመቁት ስድስቱ አንዱ ሕፃን በሳምንቱ ትኩሳት ያዘው፤ «ሸክላ ሠሪዋ አይታው ነው» የሚል ወሬም መንደሩን አዳርሷል። ትናንት በአብተው የሥራ ቦታ ላይ ድንጋይ ተወርውሯል። የሕፃኑ አያት ምን እንደሚሻል እርስዎን ሲጠይቁ ጠበል ሰጥተው እንደላኳቸው፣ ስለ ወሬው ግን አንድ ቃል እንዳልተናገሩ እሳቸው ራሳቸው ነግረውኛል። ሕፃኑን ሐይቅ ወስጄ ሐኪም አሳይቼዋለሁ፤ ጆሮው አመርቅዞ ነው። እናቱ ይህንን ለጎረቤቶቿ ሁሉ እየዞረች ነግራለች፤ ከስድስቱ መጀመሪያ ነጠላዋን የሳበችው እሷ ነበረች። የሕፃኑ ጆሮ በሰባት ቀን መድኃኒት ድኗል። የእርስዎ ስንት ቀን እንደሚፈልግ ግን ሐኪሙም ሊነግረኝ አልቻለም።